አየሩ ከየት ይመጣል

አባቴ ስለ አውሮፕላን የማይጠይቀኝ ነገር አልነበረም። እኔ ደግሞ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ሆሳዕና አካባቢ ካለው መንደራችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ስነሳ ደላላው ለአባቴ "ከናይሮቢ በአውሮፕላን ቀጥ ብሎ ይገባል" ብሎት ነበር። እውነቱ ግን በእግር፣ በጀልባና በጭነት መኪና አራት ወር ፈጅቶብኛል። ጆሃንስበርግ ገብቼ ስደውል አባቴ መጀመሪያ ያለኝ "አውሮፕላኑ እንዴት ነበር?" ነው። "ጥሩ ነበር" አልኩት። እንደኔ በመሬት የመጡ የአገሬ ልጆች አብዛኞቹ ይህንኑ ነው ያሉት፤ ወላጅ ከሚያለቅስ ይሻላል ብለን። እኔ የተሳሳትኩት አባቴ በአንድ መልስ የሚረካ ሰው አለመሆኑን መርሳቴ ላይ ነው።

እሁድ እሁድ ስደውል፣ የቤቱን ደኅንነት ሳልጠይቅ እሱ ይጀምራል። "ክንፉን ያርገበግባል?" "አያርገበግብም።" "ታዲያ ምን ደግፎት ነው የማይወድቀው?" "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" እልና እዘጋለሁ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

ሱቄ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ነው። እዚህ ስፓዛ ይሉታል፤ ከሰው ጓሮ ጋር የተቀጠለች አንዲት ክፍል ናት፤ ዳቦና ወተት በብረት ፍርግርግ በኩል የምንሸጥባት። ወደ ትልቁ ኤርፖርት የሚወርዱት አውሮፕላኖች በላያችን ያልፋሉ። ከደንበኞቼ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ምኩሉ ነው የምላቸው፣ በዙሉ አያት ማለት ነው። ዳቦአቸውን እንደታቀፉ ቆም ይሉና፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምተው የአውሮፕላኑን ዓይነት ይናገራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት አውሮፕላን በሚጠገንበት ቦታ ነው። ሲቀጠሩ የተሰጣቸው መጥረጊያ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው መፍቻ እንዲይዝ አይፈቀድለትም ነበር። እየጠረጉ አዩ፣ እያዩ ተማሩ፣ ጊዜው ሲለወጥ ተፈትነው መካኒክ ሆኑ። እኔ በሕይወቴ እንደሳቸው ያደነቅኩት ሰው የለም።

አንድ ቀን የአባቴን ጥያቄ የራሴ አስመስዬ ጠየቅኳቸው።

"ማይ ፍሬንድ" አሉኝ፤ እዚህ ባለሱቅ ሐበሻን ሁሉ የሚጠሩት እንዲህ ነው። "ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።" ከዚያ ከጋዜጣ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቀደዱ፤ ከከንፈራቸው ሥር ይዘው በላዩ እፍ አሉበት። ተንጠልጥሎ የነበረው ወረቀት ብድግ አለ። እሁድ ለአባቴ ነገርኩት። ከደብተር ገጽ ቀዶ ስልኩ ላይ ሲነፋ ይሰማኛል። "ተነሳ! ተነሳ!" ብሎ ጮኸ፤ በሰባ ምናምን ዓመቱ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ በደንብ ተጀመረ። ምኩሉ በሳምንቱ ውስጥ ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ እሁድ በሀዲይኛ ለአባቴ አደርሳለሁ። ላባ ለጥፈው ከማማ ላይ እየዘለሉ ስለተሰበሩት ሰዎች ነገርኩት፤ አዘነላቸው። በእሳት ጭስ ስለተነፋው ትልቅ የጨርቅ ከረጢት፣ ከሰው በፊት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ተጭነው እንደወጡ ስነግረው "በጉ ምን ሆነ?" አለኝ። በሰላም ወረደ አልኩት። "ከዚያስ አረዱት?" ይህን እንኳን እኔም ጠይቄ ነበር፤ ቆመው ያዩ የነበሩት የአገሩ ንጉሥ እንስሳት ከሚያኖሩበት ግቢ አስገቡት። አባቴ ከሁሉም በላይ በዚህ ነው የተደሰተው።

እኔን የገረሙኝ ግን በሞተር የሚበር አውሮፕላን መጀመሪያ የሠሩት፣ ብስክሌት ጠጋኝ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የኮሌጅ ወረቀት የላቸውም። ከሳንቃ ሣጥን ሠርተው፣ ማራገቢያ ገጥመውበት፣ ትንንሽ ክንፎችን አንድ በአንድ በነፋስ ሲፈትኑ ከረሙ። ከመጽሐፍ የወሰዱትን ቁጥር ስህተት ሆኖ ሲያገኙት መጽሐፉን ትተው ራሳቸው ለኩ። መጀመሪያ የበረሩት ርቀት ከአንድ የዛሬ ትልቅ አውሮፕላን ርዝመት ያንሳል። ይህን ስሰማ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁብኝ።

በዚህ መሀል ወንድሜ ደወለ። የአባታችን ልብ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለዋል። አባቴ ስልኩን ተቀበለውና "አንተ መቼም አውሮፕላን ታውቃለህ፤ ቶሎ ና" አለኝ።

የመኖሪያ ፈቃዴ ወጥቷል፣ ፓስፖርቴ እጄ ላይ ነው፤ ሰበብ አልነበረኝም። ባለቤቴ ለሠርጋችን በአውሮፕላን ነው የመጣችው። "ምን ያስፈራል? እኔ እንቅልፌን ለጥጬ ነው የደረስኩት" ትለኛለች። እኔ የምፈራው ከፍታውን አይደለም። በመንገድ ላይ፣ አንድ ጠረፍ ስንሻገር፣ ዓሣ በሚጭን ዝግ መኪና ውስጥ ቆልፈውብን ነበር። ስልሳ ያህል ነበርን። በሩ ሲከፈት በሕይወት የወረድነው ሁላችንም አልነበርንም። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚዘጋ ነገር ውስጥ አልገባም፤ አሳንሰር ባለበት ሕንፃ እንኳን በደረጃ ነው የምወጣው። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።

ለምኩሉ "አባቴ ታሟል፣ መብረር ፈራሁ" ብቻ አልኳቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጀርሚስተን ወደምትባል ጎረቤት ከተማ በታክሲ ወሰዱኝ፤ ጡረታ የወጡ አውሮፕላኖች ሜዳ ላይ ቆመው የሚጎበኙበት ቦታ አለ። አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ጋ ደረጃውን ወጣን። በሩ ጋ ስደርስ የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ።

"ምንድነው?" አሉኝ።

"በሩ ሲዘጋ" አልኳቸው፣ "አየሩ ከየት ይመጣል?"

አልሳቁም። ፊቴን አይተው ደረጃው ላይ አስቀመጡኝ፣ እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ መኪናው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለዚያውም በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ስጨርስ ስለ አየር ያወሩልኝ ጀመር።

ድሮ በከረጢቱ ከመጠን በላይ ከፍ ያሉ ሰዎች እዚያው ራሳቸውን ስተው ቀርተዋል። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ፊታቸው ለነፋስ ክፍት ነበር፤ መነጽርና የቆዳ ካፖርት ለብሰው ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት። ከፍ ማለት ሲፈለግ ሰው ያለ አየር እንዳይቀር ብዙ ተጨነቁ። መጨረሻ ላይ መፍትሔውን ከሞተሩ አገኙት። "ሞተሩ ከውጭ አየር ይስባል፣ ይጨምቀዋል። ከዚያ ላይ ከፍለው ለሰዎቹ ይልኩታል። አሮጌው በኋላ በኩል ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፤ ሳያቋርጥ። ሠላሳ ዓመት እጄን የከተትኩት እዚያ ቧንቧ ውስጥ ነው።" ክብ ክብ የሆኑትን መስኮቶች አሳዩኝ። ሰው ጭኖ መጀመሪያ የተመላለሰው ጄት መድረሻው እዚሁ ጆሃንስበርግ ነበር፤ መስኮቶቹ ማዕዘን ስለነበራቸው፣ አየሩ ከውስጥ ሲገፋ ብረቱ ከማዕዘኑ ይሰነጠቅ ነበር። ሰዎች ሞቱ። ስብርባሪውን ከባሕር ለቅመው፣ ገጣጥመው፣ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ እስኪያገኙ አላረፉም።

ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚደክም፣ ሁለተኛ እንዳይደገም ብሎ መስኮቱን ክብ የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኛን የቆለፈብን ሰው መኪናውን አጥቦ ሌላ ጭኗል።

ሐሙስ ጠዋት ተሳፈርኩ። በሩ ሲዘጋ ሁለት እጄን አንስቼ ከራሴ በላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ሥር ደቀንኩ። አየር ይመጣል፤ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እየጸለይኩ መስሏት አሜን አለች። ምድሪቱ ከሥራችን ስትለቅ በመስኮቱ የካትሌሆንግን የቆርቆሮ ጣራዎች አየሁና ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አራት ወር የፈጀብኝን መንገድ ከቁርስ እስከ ምሳ ጨረስነው።

አባቴ ትራስ ተደግፎ ጠበቀኝ። ገና ሳልቀመጥ "አሁንስ እንዴት ነበር?" አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። መስኮቱን፣ ደመናውን፣ ሞተሩ ለሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ሁሉን ነገርኩት። ከዚያ "አባ፣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" አልኩት። ያኔ በምን እንደሄድኩም ነገርኩት።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

"ያልወረዱት ልጆች" አለኝ፣ "አባቶቻቸው ያውቃሉ?"

አያውቁም። ማን ይነግራቸዋል? እነሱም ልጃቸው በአውሮፕላን እንደሄደ ነው የሚያውቁት።

"እንግዲያ እስካሁን ስልክ እየጠበቁ ነው" አለኝ።

ካልወረዱት የአንዱን ልጅ መንደር ብቻ ነበር የማውቀው፤ ትከሻዬ ላይ ደገፍ ብሎ የነበረውን። ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ።