ስፕላርጅ እና የማይሸጠው ቀሚስ

የሀበሻ ልብስ የሚነግድ ሰው ሁሉ አንድ የማይሸጥ ቀሚስ አለው። የእኔው ጥበቡ ከደረት እስከ እግር የወረደ፣ በር ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀል ነው። ሥራው መሸጥ ሳይሆን መጥራት ነው። ገበያተኛ ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ርካሽ ይመስለዋል።

ባለቤቴ አብራኝ ሱቅ ትውላለች፤ ዓይኗ ግን ከዚያ ቀሚስ አይነቀልም። "ዘንድሮ ለጥምቀት እሱን ነው የምለብሰው" ስትለኝ፣ "እሱ ከወረደማ ሱቁ ዕውር ሆነ" እላታለሁ። የነጋዴ ሚስት የምትለብሰው ገበያ ያልወደደውን ነው። ደንቡ እንዲያ ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ወጣት አስጎብኚ ጎረቤቴ፣ ገበያ ያስገባቸውን እንግዶች ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አስተማረኝ፤ ስፕላርጅ።

"ምን ማለት ነው?"

"ሰው ከወትሮው በላይ፣ ለደስታው ብሎ፣ ሳይቆጭ ገንዘብ ሲያወጣ ነው፣ ጋሼ።"

"ሳይቆጭ?"

"ሳይቆጭ።"

ገረመኝ። በእኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ሰው አባከነ፣ በተነ፣ ረጨ ነው የሚባል፤ ሁሉም ስድብ ነው። እነሱ ግን ብክነትን የክት ልብስ አልብሰውታል! እንዲህ ያለ ቃል አግኝቶ ዝም የሚል ነጋዴ የለም። በማግስቱ ሥራ አስጀመርሁት።

ከኮሶዬ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ከሚስታቸው ጋር ገቡ። ሚስት አንድ ሸጋ ቀሚስ ያነሳሉ፤ ባል ዋጋውን ጠይቀው መልሰው ያስቀምጣሉ። ደግሞ ያነሳሉ፤ ደግሞ ያስቀምጣሉ።

"አያ፣ አይጨነቁ" አልሁ። "ይኼ ብክነት አይደለም። ስፕላርጅ ነው የሚባል።"

"ምነው ልጄ፣ በሽታ ነው? ከያዘ ይለቃል?"

"ለደስታ ብለው፣ ሳይቆጩ ገንዘብ ማውጣት ማለት ነው።"

"እንግሊዝኛውን ለብቻ ታስከፍላለህ ወይስ ከቀሚሱ ጋር ነው?"

ሚስታቸው ሳቁ። "አንተ ሰው፣ ይኼማ ድሮም የእኛ ነው! ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል የሚባለው? በል ክፈል!"

ከፈሉ። እኔ በቃሌ ኃይል እየኮራሁ ቀሚሱን ስጠቀልል፣ ባለቤቴ የልብስ ማውረጃውን ዘንግ ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

"ወዴት ነው?"

"ስፕላርጅ ላደርግ ነዋ።"

"ኧረ እሱ የሱቁ ዓይን ነው!"

"ዓይንማ እኔም አለኝ፤ ስንት ዘመን ሙሉ ሳየው የኖርሁበት። ለሰው ሚስት ሲሆን የጣፈጠህ ቃል ለራስህ ሲሆን መረረህ?"

ዘንጉን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው ጥቅላቸውን ብብታቸው ሥር እያስገቡ ቀደሙኝ፤

"ተው ልጄ። እኛን ያስያዝኸን በሽታ አንተን ሊዘልህ ነው እንዴ?"

ቀሚሱ ወረደ።

በጥምቀት ዕለት ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ያላያት ሰው የለም። የት እንደገዛችው ለሚጠይቋት ሴቶች ሁሉ እኔን በአገጯ ትጠቁማለች። አስጎብኚው ጎረቤቴ በሕዝቡ መካከል ተሹለክልኮ ደረሰብኝ።

"ጋሼ፣ ስፕላርጅ?"

"ስፕላርጅ።"

"ሳትቆጭ?"

ባለቤቴን አየኋት። ከሴቶቹ ጋር እልል እያለች ነው፤ ጥበቡ በፀሐይ እንደ እሳት ይነዳል። በር ላይ ተሰቅሎ ሳለ እንዲህ ሲያምር አይቼው አላውቅም።

"ዛሬ አልቆጨኝም" አልሁት። "ሱቁን ስከፍትና ባዶውን ሚስማር ሳይ ደግሞ መጥተህ ጠይቀኝ።"