የአናቴ ሁለት ፎቶዎች

አቃቂ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ስሟ የተጠራው በማሳመር ነው። ለመታወቂያ የመጣችን ልጅ ቡግር አጠፋለሁ፣ የሙሽራ ቦርጭ እቀንሳለሁ፣ ለሐውልት የሚሆን ፎቶ ይዘው ለሚመጡ ሐዘንተኞች ሟችን ከረባት አስራለሁ። አንድ ጊዜ ጥርስ ላልነበራቸው ሽማግሌ ሙሉ ጥርስ ሠርቼላቸው፣ ልጆቻቸው ፎቶውን አገላብጠው አይተው «የማን አባት ነው?» ብለውኛል።

ቦሌ አካባቢ የፀጉር ንቅለ ተከላ ክሊኒክ የከፈተች ሐኪም በሰው በሰው አግኝታኝ «የማይዋሽ ፎቶ የሚያነሳልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ስትለኝ ግን፣ ዓይኔን ሳላሽ «ካሜራዬ ውሸት አያውቅም» አልኳት።

«ከእርስዎ በፊት የነበረው ፎቶ አንሺ» አለችኝ፣ «ሰውየው ከመታከሙ በፊት ፀጉሩን አርጥቦ፣ አምፖል ሥር አቁሞ ያነሳዋል። ከታከመ በኋላ ደግሞ አበጥሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ መስኮት አጠገብ። ደንበኛ ያንን አይቶ ይመጣና እንደዚያ አድርጊልኝ ይለኛል። ያ ፀጉር ደግሞ በዓለም ላይ የለም።»

ከንግግሯ ሁሉ ያመመኝ «እርስዎ» ያለችው ነው። ዕድሜያችን እኩል ነበር። አንቱታውን የሰጠችው ለተመለጠው ራሴ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ፎቶ ቤቴ ወለል ላይ ፕላስተር ለጥፌ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ለየሁ። መብራቱ ያው፣ ርቀቱ ያው፣ ፀጉሩ ደረቅ፣ አገጩም ያው። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አናቱ። የከበደው የመጨረሻው ነው። ሰው አናቱን አይቶት አያውቅም። አንድ ሞላ ያለ ነጋዴ ፎቶውን ሳሳየው ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጦ ቆየና «ይሄ የኔ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚለይ ሰው። እኔም እንደ መምህር ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «እውነትን መቀበል ነው» አልኩት።

ያን ቀን ማታ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታችን ገብቼ ባለቤቴን የኔን አናት እንድታነሳልኝ ጠየቅኳት። አነሳችና ካሜራውን ሰጠችኝ። ተቀበልኩና አየሁት። እውነትን መቀበል የሚባለው ነገር ለነጋዴው እንዳልኩት ቀላል አልነበረም።

ለመታከም ስወስን ሐኪሟ በቅናሽ ልትሠራልኝ ተስማማች። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የበፊቱንም የበኋላውንም ፎቶ እሷ ልታነሳ፣ እኔ ደግሞ እንዳልነካው ተባባልን። ጭንቅላቴን ሙልጭ አድርገው ላጩኝ፤ ከኋላ ያለውን እየነቀሉ ወደ ፊት ተከሉት። እብጠቱ ይመጣል ተብዬ ስለነበር ሰፈር እንዳያየኝ፣ እስኪያልፍልኝ ብዬ ሳሪስ እህቴ ቤት ተደበቅኩ። ለጎረቤት ምን እንደሚባል ግን ከባለቤቴ ጋር አልተነጋገርንም። ሲጠይቋት ውሸት ስለማይሆንላት አንገቷን ደፍታ «ይመጣል» ብቻ ትላቸዋለች።

እብጠቱ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኖቼ ላይ ተቀመጠ። የዓይኔ ሥር ጠቆረ። ትንሽ ሲሻለኝ ወደ ቤቴ ተነሳሁና ቃሊቲ ላይ ታክሲ ለመቀየር ወረድኩ። እስር ቤቱ ያለበት አካባቢ ነው። ከጎናችን ብሎክ የሚኖሩት የባቡር ጡረተኛ እዚያው ታክሲ ይጠብቃሉ። የተላጨ ራስ፣ የጠቆረ ዓይን፣ በእጄ ትንሽ ፌስታል። ሰው በየሰፈሩ እየታፈሰ የሚወሰድበት ዓመት ነበር።

ሰውየው ቀስ ብለው ቀረቡኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ ልጄ።»

«ኧረ እኔ እኮ፣ አባባ…»

«ምንም አትናገር። እዚህ አይወራም።»

አፌን ከፈትኩ። «ፀጉር አስተክዬ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው ዕንባ አቅርረዋል፣ ዙሪያውን ደግሞ ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ እናቶች ሰሃን ይዘው ቆመዋል። መናገሩ አሳፈረኝ፤ ዝም ማለቱም አሳፈረኝ። ከሁለቱ የቀለለውን መረጥኩ።

በነጋታው ጎረቤት ተሰብስቦ ቤታችን መጣ። ዳቦ የያዘ አለ፣ ለስላሳ የያዘ አለ። ማንም ምንም አልጠየቀም። እያንዳንዱ ራሴ ላይ ያሉትን ነጠብጣብ ቁስሎች አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ አልወጣም አለች። በኋላ ስጠይቃት «የመጣብኝ ሳቄ ይሁን ለቅሶዬ አላውቅም» አለችኝ።

የተተከለው ፀጉር መጀመሪያ እንደሚረግፍ ለስንት ደንበኛ አስረድቻለሁ። የኔው ትራስ ላይ ሲረግፍ ግን ሐኪሟ ጋ ደውዬ ጮህኩ። ወራት አለፉና ቀስ እያለ በቀለ። ዓመት ሊሞላው ሲል «በኋላ» የሚባለውን ፎቶ ለመነሳት ፎቶ ቤቴ ውስጥ ፕላስተሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቴ ካሜራውን ይዛለች።

«አገጭህን ዝቅ አድርግ።»

«ዝቅ አድርጌያለሁ።»

«ቀና ብለሃል። ያኛው መብራት ደግሞ ለምን በራ?»

«የቱ?»

«ከጀርባህ ያበራኸው።»

አጠፋሁት። ቀጥላ ፀጉሬን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን አየች። ጥቁር ሆኗል። የባለቤቴን የቅንድብ ኩል እዚያ ላይ እንዴት እንደደረሰ ለማስረዳት አልሞከርኩም። «ሂድ ታጠብ» አለችኝ፣ ተማሪዎቿን በምትናገርበት ድምፅ። ታጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ተነሳሁ። ከፊት ጥሩ ነው፤ ግንባሬ ድንበር አግኝቷል። ከላይ ግን መሀሉ አሁንም በስሱ ያበራል።

ሐኪሟ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቀለቻቸው። «ሰው የሚያምነው ይሄን ነው» አለችኝ። የተመሰገንኩ ይሁን የተሰደብኩ አልገባኝም።

ጡረተኛው ጎረቤቴ አንድ ቀን ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ፎቶ ቤት መጡና የሁለቱን ፎቶ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ አዩ። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው ተመለከቱ።

«በመጀመሪያ የተነሳኸው የቱ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ክሊኒኩን፣ ሳሪስን፣ ፌስታሉን፣ ሁሉንም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ገቱ።

«ለባለቤቴ እንዳትነግራት። በጠፋህ ጊዜ አንተ እንድትፈታ ብላ ለሚካኤል ጥላ ተስላ ነበር። የፊታችን በዓል ልታስገባ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አባባ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ከተሳለች ተስላለች። ና ብቻ፣ ቅር እንዳይላት።»

በበዓሉ ዕለት ሄድኩ። ባለቤታቸው ጥላውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ራሴን ገልጬ ከኋላ። እልል ሲሉ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ አንዷ እኔን አይታ «ፀጉሩ እንኳን ሳሳ፣ ምን አድርገውት ይሆን» ስትል ሰማኋት። ጡረተኛው አጠገቤ ቆመው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።