የገዛ ሥራዬን አስተርጉሚ ተባልኩ

«ይህን አፕ ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለና በፈረንሳይኛ እንዳስተረጉምለት ወደ እኔ ዞረ።

ዛሬ ጠዋት ነው፤ እዚሁ ጅቡቲ፣ የሞባይል አፕ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ። ተናጋሪው አብሮኝ የሚሠራው ዳዊት ነው፤ ፈረንሳይኛ ስለማይችል የማስተረጉምለት እኔ ነኝ።

አፑ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ወደብ በር ላይ ፀሐይ ሳይፈጃቸው ተራቸውን በስልክ የሚያዩበት ነው። ኮዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከተማው ዳር ያለው ባልባላ ሰፈር ድረስ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ከሾፌሮቹ ጋር የሞከርኩትም እኔ ነኝ።

የዳዊት ድርሻ ከረባት ማሰር ነበር። እሱንም ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

ማይኩን ያዝኩና በፈረንሳይኛ «ብቻዬን ሠራሁት ይላል። ውሸቱን ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው።

መድረክ መሪው «ማድሟዜል፣ የእርስዎ ሥራ ማስተርጎም ብቻ ነው» አለኝ። ለጉባኤው ምርጥ አፕ የተዘጋጀውን ሽልማትም ለዳዊት ሰጡት።

ስንወጣ ዳዊት «አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ! ሴት ናት የሠራችው ብንል ማን ያምነናል?» ብሎ ተቆጣኝ። እሱ ተቆጣኝ!

አሁን ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ለማን አቤት እንደምል አላውቅም። የሚሰማኝ ሰው ያለም አይመስለኝም።

ልፋታችሁን ዓይናችሁ እያየ የወሰደባችሁ ሰው አለ? እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መሆን አልቻልኩም።

እኔ ግን ከእንግዲህ ስለ ሠራሁት ሥራ ሌላ ሰው ሲናገር አጠገቡ ቆሜ አላስተረጉምም። ወይ እኔ እናገራለሁ፣ ወይ ማንም አይናገርም።