የእንግዳ ክፍሉ ሰርቨር

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከቡታጅራ አሜሪካ፣ ሬንተን በመጡ በሦስተኛው ሳምንት ሰርቨሩ መታመም ጀመረ። ሁለቱን ነገሮች ለማገናኘት ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ። ሥራዬ ደግሞ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የሰው ስህተት መፈለግ ነው። ሌላው ያጠበቀውን ቡሎን በደንብ ጠብቋል አልጠበቀም እያልኩ ስፈትሽ እውላለሁ፤ ለዚህም ደሞዝ ይከፍሉኛል።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቡት ጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው። ውስጡ ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። የቤታችን ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የወረቀት ዓይነት ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የኢንተርኔቱ ገመድ የሚገባው በእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ስለሆነ ሳጥኑም እዚያው ከአልጋው ራስጌ፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ አማቴ ሲመጡ ክፍሉን ከሰርቨሩ ጋር ተጋሩ።

እሳቸውና እኔ አንቱ ነው የምንባባለው። ክፍላቸው ዘው ብዬ መግባት አይሆንልኝም። አንኳኩቼ፣ "ይግቡ" እስኪሉኝ ጠብቄ፣ ጤናዬን፣ የሥራዬን ሁኔታና የመንገዱን መጨናነቅ ተጠይቄ ስጨርስ ነው ገመድ የምነካው። አንድ ኬብል ለመንቀል ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ሰርቨሩ ላይ ካለው ሁሉ ጉዳዬ አንድ ፋይል ነው። የባለቤቴ አባት ሲያርፉ እሷ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብሩ መሄድ አልቻለችም። አገር ቤት ያሉት ቀብሩንና ለቅሶውን አስቀርጸው በፍላሽ ላኩላት፤ ውጭ ላለ ሰው እንደሚደረገው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አላየችውም። "እማዬ ስትመጣ አብረን እናየዋለን" አለችና ለኔ ሰጠችኝ። እኔም ሰርቨሩ ላይ ገለበጥኩት። አሁን እናቷ መጥተዋል፤ ቀኑም ተቆርጧል፤ የአባቷ ሦስተኛ ሙት ዓመት የሚውልበት ቅዳሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ባለቤቴ የማታውቀው ነገር አለ። ፍላሹን አጥፍቼዋለሁ። ሰርቨር እያለኝ ፍላሽ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሙዚቃ ሞላሁበትና መኪናዬ ላይ ሰካሁት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ኋላ ቡታጅራ ደውዬ ቪዲዮ ቀራጩን ሳፈላልግ ኮምፒውተሩን ከነካሜራው ሰርቀውታል አሉኝ። ሶ የሰውየው ለቅሶ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ሥራ ላይ እያለሁ ረፋዱ ላይ ስልኬ ይጮኻል፤ ሰርቨሩ ጠፍቷል ይላል። ማታ ገብቼ፣ አንኳኩቼ፣ ጤናዬን ተጠይቄ አበራዋለሁ። ምንም አልሆነም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደግሞ ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድ ደህና ነው፤ ሰኞ ይታመማል። እንደዚህ የሚያደርጋቸው የሥራ ባልደረቦችም አሉኝ።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀየርኩ። ሜሞሪውን ቀየርኩ። ሶፍትዌሩን አፕዴት አደረግሁ፤ ከዚያ አፕዴቱ ራሱ ነው ብዬ ወደ ድሮው መለስኩት። ሰርቨሩ ውሎውን የሚጽፍበትን መዝገብ ሳየው ከመጥፋቱ በፊት ሙቀቱ ሰባ ዲግሪ ደርሷል ይላል። ኖቬምበር ነው፤ ሬንተን ነው፤ ውጭ ዝናብ ነው፤ እኔ ቤት ውስጥ በሹራብ ነኝ። እዚህ አገር ዕቃ በሙቀት ሞተ ቢሉኝ ማን ያምናል? ሴንሰሩ ዋሽቷል ብዬ ፈረድኩ። ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ አንድ ሰውዬ "የሸፈነው ነገር ይኖር ይሆን?" አለኝ። የሁለት ዓመት ሕፃን መሰልኩት እንዴ ብዬ ተናደድኩ። መልስም አልሰጠሁት።

አማቴን ጠየቅኋቸው። "እማማ፣ ቀን ቀን ይቺን ዕቃ የሚነካት አለ?"

"ኧረ ማን ይነካታል" አሉ። "እኔ አቧራዋን ብቻ ነው የማራግፍላት።"

አመሰገንኳቸው። በዚያው ቀን ሳጥኑን ስከፍተው አየር ማስገቢያው ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞ አገኘሁ። የነጠላቸው ነው አልኩና ጣልኩት። የአውሮፕላን ቡሎን የምፈትሸው እኔ ነኝ።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ማታ፣ አንደኛው ዲስክ ለይቶለት ሞተ። በሱ ቦታ አዲስ አስገባሁ። ሶፍትዌሩ ግን ከቀረው ዲስክ ወደ አዲሱ ገልብጦ ሳይጨርስ አንድም ፋይል አላሳይም ብሎ ደረቀ። ሥራው አሥራ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስጀመርኩት፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ማለቅ አለበት። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጠፋ። ማክሰኞ ማታ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። የቀረው ዲስክ ያረጀ ነው፤ እሱም ከተከተለ አለቀ።

በዚያው ማታ ባለቤቴ ሳህን እያጠበች "ቪዲዮው ደህና ነው አይደል?" አለችኝ።

"ደህና ነው" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"እማዬ ነጭ ልብሷን ሁሉ ተኩሳ ጨረሰች" አለች።

ሦስት ዓመት የፈራችውን ነገር ለማየት ቀን ቆርጣ ተዘጋጅታለች፤ እኔ ደግሞ በዘፈን ቀይሬዋለሁ። ያን ሌሊት ስገላበጥ አነጋሁ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ላይ የሙቀቱን ቁጥር እያየሁ ነበር። አርባ። አርባ አምስት። ሃምሳ ሁለት። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ቤት ሰው ታሞብኛል አልኩት። "ማን?" አለኝ። "አማቴ" አልኩ። ክፍሉ የሳቸው ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ፋብሪካው ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው፤ በሰባት ደረስኩ።

አንኳኳሁ። የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። "ቆይ፣ ቆይ" አሉ፤ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ልጃቸው መስያቸው ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈቀድልኝ በሩን ከፈትኩት።

ሰርቨሩ ለብሷል። ነጭ የኪሮሽ ዳንቴል፣ በልኩ የተሠራ፣ አራቱም ማዕዘን ላይ ዘርፍ ያለው። ዳንቴል ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው አቧራ እንዳይገባ ከውስጥ በወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ገበር ገብቶለታል። ከኋላ እንኳ አየር የሚወጣበትን አልረሱትም፤ እዚያ ላይ ጨርቁ ድርብ ነው። አማቴ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠርዙን እላዩ ላይ እንዳለ ይሰፋሉ። ልብስ ሰፊ ሰውን አቁሞ እንደሚለካው ማለት ነው። ከወር በላይ እኔ ወጣ ስል እያለበሱ፣ የምመለስበት ሰዓት ሲደርስ እያወለቁ ሲሠሩ ከርመዋል።

መርፌያቸውን አስቀመጡ። "አበላሹብኝ" አሉኝ። "ለቅዳሜ ነበር እኮ።"

ብዙ የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ በመኪና ውስጥ ተዘጋጅቼበት ነው የመጣሁት። "ምነው ደከሙ፣ እማማ" ብቻ አልኳቸው።

"ልጅቷ አባቷ ያለው እዚህ ውስጥ ነው አለችኝ" አሉ፣ ሳጥኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ። "ራቁቱን ተቀምጦ ሳይ ደስ አላለኝም።"

አንጀቴን በሉት። "እጅዎ ይባረክ" አልኩ። ከዚያ ለቅዳሜ አዲስ ሆኖ እንዲቆይ አውልቀን ሻንጣ ውስጥ ብናስቀምጠውስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ወደዱት። እኔው በገዛ እጄ አወለቅሁለት፤ ሳጥኑ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ደግሞ ጠፍቷል። ሲበርድ እንደገና ከዜሮ አስጀመርኩት። ሐሙስ ጠዋት ጨረሰ፤ ፋይሉ ተከፈተ። ወደ ሁለት ፍላሽ፣ ወደ ላፕቶፔና ወደ ስልኬ ገለበጥኩት። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ አማቴ ዳንቴሉን በክብር አለበሱት። ቪዲዮው አርባ ደቂቃ ነው፤ ሳጥኑን የሚያሞቀው ከሰዓት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ዝም አልኩ። ሳሎን ሶፋው ላይ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ፤ እኔ ከጎን። ሬሳው ሲወጣ ባለቤቴ አላለቀሰችም። ቀብሩ ላይም አላለቀሰችም። ለቅሶ ደራሹ ቤት ሲገባ ካሜራው አንድ ጥግ ዞር አለ፤ መደርደሪያ ላይ የአባቷ ሬዲዮ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እዚያ ላይ ነው የተንሰቀሰቀችው።

አማቴ ፀጉሯን እያሻሹ ይነግሯታል። "ማታ ማታ ለዜና ይገልጠዋል። ጠዋት ጠዋት እኔ አለብሰዋለሁ። እስኪሞት ድረስ። አንድ ቀን ምን ያደርግልኛል አላለኝም።"

ስለ ሙቀት ለመናገር ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት።

ማታ ኩሽና ውስጥ ስለ ፍላሹ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "መኪናው ላይ ተሰክቶ አየሁት፤ አክስቴ ያሰረችበት ቀይ ክር አለበት። ሁለት ዓመት ሆኖታል።"

"ሶ ለምን ዝም አልሽ?"

ፎጣውን አጣጥፋ ጨረሰች። "ሰርቨሩም ቢበላሽ ብዬ ነበር" አለች። "ጠፋ ብትለኝ ማየት አይኖርብኝም ብዬ። አንተ ደግሞ አትተውም።"

ቁጭ ብለን የተረፈውን ዳቦ በላን።

ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ራሱን እንዲያጠፋ አዘዝኩት። አማቴ ሦስት ሰዓት ላይ ያለብሱታል። ማታ ስገባ አንኳኩቼ፣ ጤናዬን ተጠይቄ እገልጠውና አበራዋለሁ። ቀን ቀን የቤቱ ሰው ፎቶ አያይም፤ በዚህ የሞተም የለም።

አማቴ በጸደይ ተመለሱ። ባለቤቴ "አሁንማ ዳንቴሉን አንሳው፤ አያዩህም" አለችኝ። አነሳዋለሁ፣ ማታ ማታ። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ባዶው ክፍል በር ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ እጄ ለማንኳኳት ይነሳል። ከዚያ ገብቼ አለብሰዋለሁ። እሑድ እሑድ ሲደውሉ ከልጃቸው ጤና ቀጥለው የሚጠይቁኝ ለብሷል ወይ ብለው ነው። "ለብሷል፣ እማማ" እላቸዋለሁ። ይሄኛው እውነቴን ነው።