«ዓሣው ነው» አልኳቸው

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ዳይፐር እቀይራለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከብርጭቆ አውጥቼ እቦርሻለሁ፤ ከዚያ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሆድሽ ብረት ነው» ይሉኛል። ስለዚህ ባሌ ሳሎናችን ውስጥ ያስቀመጠው የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ አንድ ጠዋት ድንገት እንደ ጥንብ ሲከረፋኝ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጬም የበላሁትን ሁሉ ሳወጣው፣ ዋናው ነገር ገንዳው እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ከፋርማሲ ገዝቼ ያደረግኩት ምርመራም ያንኑ ነገረኝ። እርጉዝ ነበርኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ጨንግፎብኛል። ያን ጊዜ ገና በጠዋቱ ለሰው ነግረን ነበር። ለሰው ስል ለባሌ አክስት ማለቴ ነው፤ ለእሳቸው የነገሩት ነገር ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ያዳርሳል። አፓርታማችን በሕፃን ልብስ ተሞላ። ሲጨነግፍም ያው ሰው ሁሉ ተመልሶ መጣ። ለቅሶ እንዳይባል ቀብር የለው፣ ጥየቃ እንዳይባል እኔ ቆሜ ሳህን እያነሳሁ ነው፤ ብቻ መጡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ። «ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አሉ። «ከባድ ነገር አንስተሽ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አንዷማ በር ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ያመጣችውን ልብስ የማልፈልገው ከሆነ ለሌላ ሰው ቤቢ ሻወር ልትወስደው እንደምትችል በለሆሳስ ነገረችኝ። የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። ያቺን ሴት ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ምራቄ ይመርረኛል።

ባሌ ያን ጊዜ አላለቀሰም። ሌላው ሰው ሲያዝን ጢሙን ያሳድጋል፣ እሱ ዓሣ ማሳደግ ጀመረ። ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ሰንበር ያላቸው ሁለት ትንንሽ ዓሦች፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ብዙ ጨው። ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ፊታቸው ይቀመጣል። እኔም ዝም አልኩት፤ የሚያየው ነገር ያስፈልገው ነበር።

ሁለተኛውን እንግዲህ ማንም እንዳይሰማ ተማማልን። የሐኪም ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነበር። ያን ቀን የፅንሱን የልብ ምት በማሽን ሰምተን፣ ሐኪሟ ደህና ነው ካለችን እንናገራለን፤ ካላለችን ደግሞ ሁለታችን ብቻ እናዝናለን። የምመኘው ይህንኑ ነበር፦ ቢመጣም ባይመጣም ሰው ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ እንዳያላምጠው።

ግን ማስታወክን እንዴት አድርገው ይደብቁታል? ነገሩ ደግሞ መራጭ ነበር። ሥራ ቦታ ማስክ አድርጌ ያን ሁሉ ጉድ ሳነሳ ምንም አልሆንም። ቤቴ ገብቼ ያ የባሕር ግማት አፍንጫዬን ሲነካው ግን አንጀቴ ይገለበጣል። አንድ እሑድ የባሌ አክስት እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያን ወደኛ ጎራ ሲሉ፣ ዓይኔ ቀልቶ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ደረሱብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አሉኝ። ይህን ሲሉ የሚያዩት ግን ሆዴን ነበር።

«ዓሣው ነው» አልኳቸው። «ሽታው ነው እትዬ፣ አንገሸገሸኝ።»

ወደ ባሌ ዞሩ። «አንተ! ይችን ልጅ በጥንብ ልትጨርሳት ነው? ለምን ሪተርን አታደርገውም?»

ባሌ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ፊልተሩ ነው እትዬ። ትንሽ ነው፣ አልቻለውም። እቀይረዋለሁ» አላቸው።

ውሸት ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ የገዛው ማጣሪያ ካኒስተር የሚሉት ነው፤ ክዳኑ የተጠረቀመ ባልዲ በሉት። ውኃው በቱቦ ይገባል፣ በስፖንጅ ያልፋል፣ ንጹሕ መስሎ ይመለሳል። ቆሻሻው ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ባልዲው ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል። ባሌ አንድ ቅዳሜ ክዳኑን ሲከፍተው የገማ እንቁላል ሽታ አፓርታማውን ሞላው። ስፖንጁ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተጋግሮበት፣ መሐሉ ላይ ያልተበላ የሽሪምፕ እግር ተሰክቷል። ለዓሦቹ የሚያበላውን ሽሪምፕ ፍሪዘር ውስጥ ከበርበሬዬ ጎን ነው የሚያስቀምጠው፤ ያውም በሁዳዴ።

ሳምንት ሳይሞላ ሐበሻው ሁሉ ዓሣው እንዳሳመመኝ ሰማ። አንዱ ኮል አድርጎ ሆምጣጤ ጨምሩበት አለ። አንዱ ደግሞ ከግሪንቤልት ድረስ በገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠል አሮጌ ማጣሪያ በፌስታል ይዞ መጣ፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ሲኖር የደረቀ አልጌና የድመት ፀጉር ለብሷል። አክስት ጤና አዳም ቆርጠው አምጥተው ክዳኑ ላይ አስቀመጡ። አንድ ጠርሙስ ጠበልም ሊያፈሱበት ሲሉ ባሌ እጃቸውን ሊይዝ ምንም አልቀረውም። የመጣው ሁሉ በሩን ሲያልፍ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ይይዛል። ከዚያ ቀን በፊት እኮ እነዚሁ ሰዎች ከገንዳው ፊት ቆመው ፎቶ ይነሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ሸተተኝ ያለ የለም። ውሸቴን ከእኔ በላይ አመኑልኝ። እንዲህ በወሬ ብቻ የሚሸተው ሰው ያስጠላኛል።

ዱላው ሁሉ ባሌ ላይ አረፈ። «ሚስትህ ትበልጥብሃለች ዓሣ?» ይሉታል። «ቶይሌት ውስጥ ድፋቸው።» እሱ እሺ፣ ልክ ናችሁ፣ አስብበታለሁ ይላል። የሚወደውን ነገር እየሰደቡበት፣ በእኔ ሆድ ምክንያት አንገቱን ደፍቶ ሲሰደብ ማየት ከሽታው የባሰ አሳመመኝ። አንድ ጊዜ፣ «በቃ እንናገር» አልኩት። «ኖ፣ ልስደብ» አለኝ፤ «ስድብ አይገድልም።»

ከዚያ አክስት ቀን ቆረጡ። «ለፋሲካ ሰው እዚህ ይበላል፤ በዚህ ግማት ግን አይበላም። እስከዚያ ካላስተካከልከው ጎረምሶች አምጥቼ አስወጣዋለሁ» አሉ። እንደሚያደርጉት እናውቃለን። ችግሩ ደግሞ ገንዳው ከወጣ እኔም ማስታወኬን ማቆም አለብኝ። ገንዳ በሌለበት ቤት ካስታወክሁ አክስት ሁለቴ አይጠይቁም።

ስለዚህ የምንፈልገው ማጣሪያ አስቸጋሪ ዓይነት ነበር፦ አክስትን ዝም የሚያሰኝ፣ ግን ቶሎ ሥራ የማይጀምር።

አሌክሳንድሪያ ያለ የዓሣ ዕቃ መሸጫ ሄድን። እዚያ መሄዳችን ከቤታችን ስለሚርቅ ነበር፤ ቢሆንም ሐበሻ የሌለበት ሱቅ ስለሌለ ገና ስገባ በየመደርደሪያው መሐል ማየት ጀመርኩ። ሻጩ ሽበት የጀመረው፣ እጅጌው እስከ ክርኑ የረጠበ ፈረንጅ ነው። ባሌ ስለ ካኒስተሩ ሲነግረው ፊቱን አጨማደደ። «በየሳምንቱ ካልታጠበ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። አንተ የሚያስፈልግህ ቆሻሻውን ከውኃው ውስጥ አውጥቶ የሚጥልልህ ነው» አለና ስኪመር የሚባል ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አሳየን። ከሥሩ አየር ይገባል፣ ውኃው በትንንሽ አረፋ ይሞላል፣ የዓሣው ኩስና የምግቡ ትርፍ አረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና አናቱ ላይ ያለ ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ ከገንዳው ሥር፣ ገንዳው በቆመበት ቁም ሳጥን ውስጥ በሚቀመጥ ሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ይሆናል። የኩባያው ክዳን ላይ ሽታ የሚውጥ ከሰል ይደረጋል። «ምንም አይሸትሽም» አለኝ።

ይህን ብሎ ቢተው ጥሩ ነበር። እሱ ግን ከሱቁ ትልቅ ገንዳ ሥር የሞላ ኩባያ ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ በኩራት አፍንጫዬ ሥር አቀረበልኝ። የጠላ አተላ ይመስላል። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ቅባት ነገር ተለጥፏል፣ ላዩ ላይ አረፋው ቀስ እያለ ይፈነዳል። ፓርኪንጉ ድረስ መሮጤን አስታውሳለሁ። ከአንድ የሰው መኪና ጎማ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ወጣልኝ።

ሻጩ ሶፍትና ውኃ ይዞ ተከትሎኝ ወጣ። «ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለኝ።

አክስት ያልደረሱበትን፣ እናቴ ያልሰማችውን ነገር የዓሣ ኩስ የሚሸጥ ሰው ከነረጠበ እጁ አወቀው። ንድድ አለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ትከሻዬን ሲነካኝ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ያን ቃል ማንም አላለኝም ነበር። «ለማንም እንዳትናገር» አልኩት፣ ማንን ያውቅብኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ባሌ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረው። «ሥራ እስኪጀምር ይቆያል?»

ሻጩ አዲስ ስኪመር አንዳንዴ ሳምንታት እንደሚፈጅበትና ብዙ ሰው ትዕግሥት አጥቶ እንደሚመልሰው ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ ነገረን። ባሌ ሊያቅፈው ደረሰ። ወዲያው የማይሠራ ዕቃ ለመግዛት እንደዚያ የቸኮለ ገዢ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቤት ወስዶ ገጣጠመው። አክስት መጥተው ቁም ሳጥኑን ከፍተው ጎንበስ ብለው አዩት። «ብሬክ ኢን ማድረግ አለበት እትዬ፣ እስኪለማመድ ጊዜ ይፈልጋል» አላቸው። የመኪና ሞተር መስሏቸው ነው መሰለኝ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በሰላም ማስታወኬን ቀጠልኩ።

ማሽኑ ግን ሻጩ እንዳለው አልቆየም። በጥቂት ቀን ውስጥ ኩባያው መሙላት ጀመረ። ባሌ በየጠዋቱ ነቅሎ ያጥበዋል፣ ከሰሉን ይቀይራል። ውኃው ከመጥራቱ የተነሳ ዓሦቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ቤቱ ምንም አይሸትም።

ለፋሲካ ሳሎኑ በሰው ሞላ። አፍንጫውን የሚይዝ ጠፋ። እኔ ዶሮ ወጥ እየበላሁ ነበር፤ ደግሜም ጨለፍኩ። አክስት ከሶፋው ላይ ሆነው ሳህኔን አዩና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ተመስገን! ፊቷ ተመለሰ። አላልኳችሁም፣ ዓሣው ነበር እኮ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ልጎርስ ያነሳሁትን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ማስታወክ ካቆምኩ ቀናት ሆነውኝ ነበር፤ ልብ ያልኩት ገና ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሲጨነግፍም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ደም ሳይታየኝ፣ ሳያመኝ፣ አንድ ጠዋት ማቅለሽለሹ ጠፋ። እፎይ ብዬ፣ የምግብ ፍላጎቴ ተመለሰ ብዬ ተደስቼ በልቼ ነበር። ሐኪሟ በኋላ ቀኑን ስትነግረኝ፣ እኔ ተደስቼ በበላሁበት ሰሞን እሱ አልፎ ነበር።

አሁን ታዲያ የቱ ነው? ሽታው ስለጠፋ ነው ያላስታወክሁት፣ ወይስ የሚያስታውከኝ ስለሌለ? ማንን ልጠይቅ? ሶፋው ላይ የተደረደሩትን ሰዎች አየኋቸው፤ ቅባት የነካው ከንፈራቸውን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያጽናኑኝ የተዘጋጀ የሚመስለውን ደግ ፊታቸውን። ያን ማጣሪያ ከነቁም ሳጥኑ በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ደም ከሌለና ካላመመሽ ሐሙስን ጠብቂ፣ ማቅለሽለሽ መሄድም መምጣትም ያለ ነው አለችኝ ነርሷ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ስመለስ ባሌ ኩባያውን ነቅሎ ወደ ማጠቢያው ይዞት ሊሄድ ነበር።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ሞልቷል፣ ይደፋብሻል።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ከሰል ያለበትን ክዳን አነሳሁት። በእንግዳው ብዛት ሳያጥበው ስላደረ ወፍሯል፤ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ ላዩ ላይ እንደ ሥጋ ቅባት የረጋ ሽፋን ይዟል፤ አንድ የሽሪምፕ ዓይን የሚመስል ነገርም ተንሳፍፎበታል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ይሸታል፤ መሽተቱን አወቅሁ፤ ሆዴ ግን አልተንቀሳቀሰም። ባሌ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። አፍንጫዬ እዚያ ነገር ውስጥ ሊገባ እስኪደርስ ዝቅ ብዬ በረጅሙ ሳብኩት። እባክህ አልኩ፣ እግዜርን ይሁን ልጁን እንጃ፤ እባክህ አስጠላኝ።

መጀመሪያ አፌ ምራቅ ሞላ። ከዚያ ከሥር ከሥሩ መጣ፤ ማጠቢያው ጋ ለመድረስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። የፋሲካው ዶሮ፣ ሻዩ፣ ሁሉም የባሌ ካልሲ ላይ ወጣ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ድጋሚ መጣ፣ ድጋሚ። መሐል መሐሉን እስቅ ነበር፣ አለቅስም ነበር። ባሌ ኩባያውን ከእጄ ወስዶ በሌላ እጁ ፀጉሬን ሰብስቦ ይዞልኝ ቁጭ አለ፤ ያን ጊዜ ያላለቀሰው ሰው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲሻለኝ ተነስቶ ኩባያውን ወደ ማጠቢያው ወሰደውና ቧንቧውን ከፈተ።

«ተወው» አልኩት። «እስከ ሐሙስ እንዳታጥበው።»