እናቴ ያካፈለችው የቲማቲም ዘር

የቲማቲም ቅጠል በጣቴ ባሸሁ ቁጥር ያ ሽታ አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወደነበረው ጓሯችን ይመልሰኛል። ቲማቲም ያኔ ለሰፈሩ እንግዳ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዘር ለእናቴ የሰጣት የጣቢያው ሆቴል ባለቤት የነበረው ግሪክ ነው። እናቴ እጇ ለተክል የተባረከ ነው ይባልላት ስለነበር፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ ዘር የሚለምነው ከእሷ ነበር፤ እሷም ያልሰማች መስላ በሆዷ ትኮራ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ያማረውን ፍሬ መርጠን፣ በቅርጫት ይዘን ለባቡሩ መንገደኞች እንሸጥ ነበር። ጥቁር ክብ ክብ ነጠብጣብ የወጣበትን፣ ገዢ የማያየውን ግን እናቴ ለዘር ታስቀረዋለች። «ነጠብጣቡ ልጣጩ ላይ ነው፤ ዘሩን ምን ነካው?» ትል ነበር። ከዚያም ጨምቃ፣ ዘሩን ባመድ አሽታ፣ ጥላ ላይ አድርቃ በጨርቅ ትቋጥረዋለች። እኛም ብልሃት ነው ብለን እናደንቃት ነበር።

በበልግ ጎረቤታችን አደ ጫልቱ፣ ጎመን ሸጣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ዘር ጠየቀች። እናቴ ሙሉ ቋጠሮ ሰጠቻት፤ አደ ጫልቱም ጎመኗን ነቅላ ጓሮዋን በሙሉ ቲማቲም ተከለችበት።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የሁለታችንም ተክል ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር፤ ፍሬውም ሳይቀላ በሰበሰ። አንድ ማለዳ አደ ጫልቱ አጥራችን ጋ ቆማ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ? እነዚህን ልጆች ምን ላብላቸው?» አለች። ካለን ጤፍ ከፍለን ብንወስድላት ተቀበለችን፤ ደጃችንን ግን ዳግም አልረገጠችም።

መንደሩ «እጇ ተበላሸ» አለ። የመንደሩስ ወሬ ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ እናቴ ራሷ ማመኗ ነው። በተከታዩ ዓመት ቋጠሮውን እኔ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ «አንቺ ዝሪው፣ የኔ እጅ አይሆንም» አለችኝ። ዘሩ ግን ያው ከነጠብጣቡ ፍሬ የወጣ ነበር። እኔ የዘራሁትም ሲጠቁር ወደ ቤት እየገባች፣ «አየሽ፣ ዘሩን ያደረቅሁት እኔ ነኛ» አለች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ አንዲት ፍሬ አልዘራችም።

ካረጀሁ በኋላ አንድ የእርሻ ባለሙያ፣ በሽታው ከታመመው ፍሬ ዘር ላይ ተጣብቆ ወደሚቀጥለው ማሳ እንደሚሻገር ነገረኝ። ዛሬ ለዘር የማስቀረው ከጤነኛው ተክል ያማረውን ነው፤ ነጠብጣብ ያለበትን ነቅዬ አቃጥላለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ልጅም ይሠራዋል። ያኔ ግን እናቴን «ጥፋቱ ያንቺ እጅ አይደለም» የሚላት አንድ ሰው አልነበረም።