ምስሉ የጠፋ ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አጎቴ ቤት ከረምኩ። ዝናቡ ቀንም ማታም ይጥል ነበር። አጎቴ ጋሽ ታደሰ በላዳ ታክሲ ከፒያሳ አራት ኪሎ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፊት ወንበር አስቀምጦኝ፣ «ያ የሚመጣው ምን መኪና ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። የሚያስተምረኝ ይመስለኝ ነበር።

በግቢው ዲሽ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሲመሽ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ዘንድ ይሰበሰባል። ያኔ የሚጠበቀው ለዓመታት ሳይቋረጥ የቆየ አንድ የእንግሊዞች ፕሮግራም ነበር። ሰዎቹ መኪና ይፈትናሉ፣ ይሽቀዳደማሉ፣ ይሳለቃሉ። እንግሊዝኛ የሚሰማ ስላልነበረ አጎቴ ድምፁን ያጠፋና፣ የበቆሎ እሸቱ ፍም ላይ እየተንጣጣ፣ «ተረት ተረት» ይላል። «የላም በረት» እንላለን። እንግሊዞቹ በአባታቸው መሬት የተጣሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ሊወርስ የተማማሉ ወንድማማቾች ይሆናሉ። አባቴ ቤት ተረት ስለማይወራ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ እንግሊዝኛውን ከየት ለቀምከው?» ትለዋለች ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ።

«መሪ ላይ ነዋ! ስንት ፈረንጅ ጭኛለሁ!»

አንድ ምሽት ዝናቡ በረታና ምስሉ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብቻ ሆነ። አጎቴ ግን ቀጠለ፤ «ይኸው፣ ታናሽየው ቁልቁለቱን ጀመረው! ቀዩ መኪና ተከተለው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «አይ የአራዳ ልጅ!» አለች እትዬ ዘይነባ።

አጎቴ ወደ ሳቁ ዞረ። «ምን ያስቃችኋል? መች ተገለበጠና!»

የባሰ ሳቁ። ተረቱ ድሮም ከምስሉ ጋር ገጥሞ ስለማያውቅ ማንም አልጠረጠረም። እኔ እግሩ ሥር ሆኜ ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም። የጠዋቱ ጥያቄም ያኔ ገባኝ።

እኛ ዘንድ ልጅ አዋቂን አያርምም። ብናገር ተረቱም የቤቱ እንጀራም ሊቆም ነው። ዝም ብል ደግሞ ነገ ሰው ይሳፈራል።

ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ በሩን ሲከፍትልኝ አልገባ አልኩ።

«ጋሼ፣ ትናንት ምስሉ ጠፍቶ ነበር።»

«መቼ?»

«ታናሽየው ቁልቁለቱን ሲጀምር።»

በሩን እንደያዘ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ለሰው ነገርክ?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

ዛሬ ገበሬ ነኝ፤ ብዙ እንደማልናገር፣ ፊቴም እንደማይፈታ ልጆቼ ያውቃሉ። የእነዚያን መኪኖች ስም ረስቻለሁ። ነገር ግን አንዱ ልጄ የሚነግረኝ ኖሮት አጠገቤ መጥቶ ሲያመነታ ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል፤ በሬዎቹን አቁሜ እጠብቀዋለሁ።

አጎቴ አልተቆጣም። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ገብቶ ለሚስቱ ሰጣት፣ ተመልሶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና በዚያ ዝናብ ወደ ዓይን ሐኪም በእግራችን ሄድን።